የላይኛው መደርደሪያ

ከሆስፒታል የመጣሁ ዕለት ልጄ ህሊና
ወንበር ላይ ቆማ የላይኛውን መደርደሪያ አራገፈችው።
ጨው፣ ሽሮ፣ የስኳሩ ጣሳ፣ የክር ሳጥኔ
ሁሉም ወርደው በወገቤ ልክ ተሰለፉ።
«ክንድሽ ከትከሻሽ በላይ አይውጣ ብለዋል፣
ስለዚህ ቤቱን ወዳንቺ አወረድኩት» አለች።
አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደ ሐኪም ትቆጣለች።

ሮተርዳም ላይ ዝናቡ ቁልቁል አይዘንብም፣
በጎን ነው የሚመጣ፣ እንደ ሐሜት።
ሦስተኛ ፎቅ፣ እንደ መሰላል የቆመ ደረጃ፣
አንድ እጄ በመደገፊያው፣ አንድ እጄ በደረቴ፣
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ግራም ቀልዬ ወጣሁት፤
በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ከብጄ አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ አጥብቤአለሁ፣
ወገብ፣ እጅጌ፣ የሙሽራ ደረት፣
የሟች ባሏን ካፖርት በልኳ ያስጠበበችውን ኮሪን ጭምር።
የራሴን ደረት ግን ማን ያጥብበው?
ማሽኑ ላይ እንደጎበጥኩ
የጡት መያዣው ማሰሪያ ትከሻዬ ላይ ቦይ ቆፈረ፣
ጣት የሚያስገባ ቦይ፣
ዝናብ ቢያገኝ ውሃ የሚይዝ።

እናቴ ከፍኖተ ሰላም ደውላ
«ጡት ነካሽ ሲባል ሰምቼ ነበር፣
የገዛ ጡቷን ያስነከሰች አንቺን አየሁ» አለች።
ስልኩን ዘጋችው። ወይም መስመሩ ተቋረጠ፣
አላጣራሁም።

አራት ሳምንት በጀርባዬ ተኛሁ፣
ግራና ቀኝ ትራስ፣ መሐል እኔ፣ ቀጥ ብዬ እንደ ተገነዘ።
ጎኔን ናፈቅኩት። ሰው ጎኑን ይናፍቃል?
ህሊና ጸጉሬን በወጥ ቤቱ ቧንቧ አጠበችልኝ፣
ሳሙናው ዐይኔ ገባ፣ ጮህኩ፣ ሳቀች፣
ልስቅ ስል ስፌቱ ከለከለኝ።

ነርሷ ማሬይከ ፋሻውን ስትፈታ
ዞር በይ ቢሉኝ እንኳ አልዞርም ነበር፤
ሙያዬ ነው፣ ስፌት ልይ።
ክብ፣ ከክቡ ቁልቁል አንድ መስመር፣
ከሥር እንደ ጀልባ ሆድ የጎበጠ ዝምዝማት።
«እኛ መልህቅ እንለዋለን» አለች፤
የወደብ ልጅ ናት፣ አባቷ ክሬን ነጂ።
መርፌው የረገጠበት ርቀት እኩል ነው፣ ክሩ አልሳበም፣
በግራ በኩል ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ተሸብሽቧል።
ነገርኳት።
«ቆዳ ከጨርቅ ይሻላል» አለች፣ «ራሱን ይተኩሳል።»

የቀኙ ጫፍ ግን እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።
ጣቴን ሳሳርፍበት የሰው በር እንደማንኳኳት፣
ውስጥ አለ፣ አይከፍትም።
በዚህ ነበር ህሊናን ያጠባሁ፣
እዚህ ላይ ነበር ትራም ውስጥ የወንድ ዐይን የሚሳፈር።
ለአንዱ አለቀስኩለት፣ አንዱን ሸኘሁት፤
የቱ የቱ እንደሆነ ገና አልለየሁት።

በስድስተኛው ሳምንት ሱቄን ከፈትኩ።
ኮሪ ገባች፣ አየችኝ፣ ወጥታ በመስኮቱ አየችኝ፣
«ረዘምሽ እንዴ?»
አዎ፣ ሁለት ጣት ያህል።
እስከ ቀትር ሠርቼ መቀሱ ከበደኝ፣
ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።
በማግስቱ አልሄድኩም። ከዚያ ሄድኩ።
አረንጓዴ ቀሚሴን ፈታሁት፣
ደረቱን በስምንት ሳንቲም አጠበብኩት፣
የተረፈውን ጨርቅ አልጣልኩም፣
ጥጥ ጠቅጥቄ መርፌ መሰኪያ አደረግኩት።

እሑድ እናቴ ደወለች። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ዘይት ዋጋ።
ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ትከሻሽስ? ቦዩ?»
«እየሞላ ነው፣ እማ።»
ቆየች።
«የኔ አምሳ ዓመቱ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ትናንት ህሊና ትምህርት ቤት ሳለች
ያለ ወንበር ክንዴን ዘረጋሁ።
ብብቴ ሥር አንድ ነገር ሳበኝ፣
ጠበቅኩት፣ ለቀቀኝ።
ጨውን መለስኩ። ስኳሩን።
የክሩን ሳጥን በሁለት እጄ።
ሽሮዋን ተውኳት፣
እታች ትቆይ፤
ልጄ ስትመጣ የምትቆጣበት አንድ ነገር ይኑራት።